አካዝያስ በነገሠ ጊዜ ዕድሜው ስንት ነበረ? ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ስሕተት አልባነት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ መጽሐፍ ቅዱስ ምንም ዓይነት ስሕተት የለበትም ተብዬ ተምሬአለሁ። በቅርቡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለ ንጉሡ አካዝያስ የሚናገሩ ሁለት ጥቅሶች አሳየኝ። አንዱ በነገሠ ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበረ ይላል፤ ሌላው በዕብራይስጡ አርባ ሁለት ይላል። ባልደረባዬም ‹አንድ ስሕተት ከተገኘ ሁሉም ወደቀ› አለኝ። የጥናት ቡድናችን መሪ ደግሞ ስሕተቱ የገልባጮች እንደሆነና የመጀመሪያው ጽሑፍ ግን ፍጹም እንደነበረ ነገሩኝ። የመጀመሪያው ጽሑፍ በማንም እጅ ከሌለ ይህ መልስ ምን ይጠቅመኛል? ደግሞስ አንዱ ከወደቀ በእርግጥ ሁሉም ይወድቃል?»

ቅዱሳት መጻሕፍትን በዕብራይስጥና በግሪክ ማስተማር ሥራዬ ስለሆነ ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል፤ ከሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙዎቹም የሚጠይቁት ለክርክር ሳይሆን ልባቸው ተጨንቆ ነው። ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልመልስልዎ። ባልደረባዎ ስለ ቁጥሩ ትክክል ናቸው፤ ከቁጥሩ ያወጡት መደምደሚያ ግን አይከተልም። መሪዎ ስለዚህኛው ጥቅስ የሰጡት መልስ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ያንኑ መልስ ለሌሎች ችግሮች ሁሉ መፍቻ ካደረጉት አያዛልቅም።

በመጀመሪያ አካዝያስን በቅርብ እንየው። ሁለተኛ ነገሥት 8፥26 ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበረ ይላል፤ የሁለተኛ ዜና መዋዕል 22፥2 የዕብራይስጥ ንባብ አርባ ሁለት ይላል። ችግሩ በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ብቻ ያለ የሚመስለው ሰው አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ይመለስ። እዚያው ዜና መዋዕል 21፥20 ላይ የአካዝያስ አባት ኢዮራም በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነግሦ ስምንት ዓመት ገዝቶ እንደሞተ ተጽፏል፤ ስለዚህ ሲሞት አርባ ዓመቱ ነበረ ማለት ነው። ልጁ ወዲያውኑ ተተክቶ ሲነግሥ አርባ ሁለት ዓመቱ ከነበረ፣ ልጅ አባቱን በሁለት ዓመት ይበልጠዋል። የዜና መዋዕል ጸሐፊ የአባቱን ዕድሜ ጽፎ ቀለሙ ሳይደርቅ እንዲህ ያለ ነገር አስቦ ጻፈ ማለት አይቻልም። በሱርስት ትርጉምና በአንዳንድ የግሪክ ቅጂዎች ደግሞ ሃያ ሁለት የሚለው ንባብ ይገኛል። እንግዲህ መጽሐፉ ራሱ፣ ትይዩው የነገሥት መጽሐፍና የጥንት ትርጉሞች በአንድ ድምፅ ይመሰክራሉ፤ በጉዞው አንድ ቦታ ላይ የገልባጭ እጅ ተሳስቷል። ይህ ሃይማኖትን ለመከላከል የተፈጠረ ማምለጫ ሳይሆን ማንኛውም የጥንት ጽሑፍ መርማሪ፣ አማኝ ሆነም አልሆነም፣ የሚደርስበት ፍርድ ነው።

«የመጀመሪያው ጽሑፍ ከሌለ ምን ይጠቅመኛል» ያሉትም በዚሁ በከፊል ይመለሳል። የመጀመሪያው ብራና በእጃችን ባይኖርም፣ ብዙ ቅጂዎችን እርስ በርስ በማስተያየት ብዙውን ጊዜ ወደ ቀደመው ንባብ መቅረብ ይቻላል። የጎልያድ ቁመት ጥሩ ምሳሌ ነው። የተለመደው የዕብራይስጥ ንባብ በአንደኛ ሳሙኤል 17፥4 ስድስት ክንድ ከስንዝር ይላል፤ ይህም ወደ ሦስት ሜትር ይጠጋል። ጥንታውያን የሆኑ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም (የብሉይ ኪዳን ጥንታዊ የግሪክ ትርጉም) ቅጂዎች ግን አራት ክንድ ከስንዝር ይላሉ፤ ይህም ከሁለት ሜትር ብዙም አይበልጥም። በሙት ባሕር አጠገብ ባሉት በቁምራን ዋሻዎች የተገኘው የሳሙኤል መጽሐፍ ጥቅልል ሲነበብ፣ ከተለመዱት የዕብራይስጥ ቅጂዎች ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ የሚቀድመው ይህ የዕብራይስጥ ምስክር አራት ክንድ የሚለውን ይዞ ተገኘ። በአንጻሩ ፈጽሞ የማይጠገኑ ቦታዎች አሉ። በአንደኛ ሳሙኤል 13፥1 የዕብራይስጡ ቃል እንዳለ ቢተረጎም ሳኦል በነገሠ ጊዜ የአንድ ዓመት ልጅ ነበረ ይላል፤ ቁጥሩ ከጥንት ጀምሮ ጎድሏል፤ ተርጓሚዎች የሚሞሉትም በግምት ነው።

ሆኖም የገልባጭ ስሕተት ሁሉንም ችግር አይፈታም፤ መሪዎን በዚህ አልከተላቸውም። ማርቆስ 6፥8 ላይ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ ከበትር በቀር ምንም እንዳይዙ ያዛቸዋል፤ ማቴዎስ 10፥10ና ሉቃስ 9፥3 ላይ ግን በትርም እንዳይዙ ይላል። ዳዊት የኦርናን አውድማ ሲገዛ፣ ሁለተኛ ሳሙኤል 24፥24 አውድማውንና በሬዎቹን በአምሳ ሰቅል ብር ገዛ ይላል፤ አንደኛ ዜና መዋዕል 21፥25 ስለ ስፍራው ስድስት መቶ ሰቅል ወርቅ ከፈለ ይላል። በዚያው ታሪክ መጀመሪያ ላይ ዳዊት ሕዝቡን እንዲቈጥር ያነሣሣው በሳሙኤል መጽሐፍ የእግዚአብሔር ቁጣ ሲሆን፣ በዜና መዋዕል ሰይጣን ነው። ይህ የመጨረሻው በብዕር መንሸራተት የመጣ ልዩነት ሊሆን አይችልም። ከብዙ ዘመን በኋላ የጻፈው የዜና መዋዕል ጸሐፊ ታሪኩን በሌላ የነገረ መለኮት ዓይን አይቶ የጻፈው ነው። የቅጂ ማስረጃ በሌለበት ቦታ ሁሉ «ገልባጩ ተሳስቶ ነው» የሚል ሰው ማስረጃ ሳይሆን ምኞቱን እየተናገረ ነው።

እንዲያውም ገልባጮች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ተቃራኒውን ነው። ማርቆስ ወንጌሉን ሲጀምር በነቢዩ በኢሳይያስ እንደ ተጻፈ ብሎ የሚጠቅሰው የመጀመሪያው ቃል ከሚልክያስ 3፥1 ጋር የሚገጥም ነው፤ የኢሳይያስ ቃል የሚመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው። በኋለኞቹ የግሪክ ቅጂዎች ይህ «በነቢያት እንደ ተጻፈ» ወደሚል ተለውጧል። አንድ ትጉህ ገልባጭ ችግሩን አይቶ ወንጌላዊውን ሊረዳው ፈልጓል። በዚህ ምክንያት የብራና መርማሪዎች ሁለት ንባቦች ሲያጋጥሟቸው፣ ሌላ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ አስቸጋሪውን ንባብ ቀዳሚ አድርገው ይወስዳሉ። ስለዚህ ችግር የሌለበት የመጀመሪያ ጽሑፍና ችግር የሞላባቸው ቅጂዎች ብሎ ማሰብ ከማስረጃው አቅጣጫ ጋር ይጋጫል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ ስሕተት የምንለው ምንድን ነው? አንድ ጽሑፍ ተሳሳተ የሚባለው ሊናገር ከተነሣበት ነገር አንጻር ሲመዘን ነው። ማቴዎስ በምዕራፍ 1 የጌታን የትውልድ ሐረግ በሦስት አሥራ አራቶች ከፍሎ ያቀርባል። በቁጥር 8 ላይ ኢዮራም ዖዝያንን ወለደ ሲል አካዝያስን፣ ኢዮአስንና አሜስያስን ዘሎ ነው። (እኒያን ሁለት ጥቅሶች ያስነሣው አካዝያስ እዚህም ላይ ጎድሎ መገኘቱን ልብ ይበሉ።) እነዚህ ነገሥታት ብሉይ ኪዳንን ለሚያነብ ሁሉ የታወቁ ናቸው፤ ማቴዎስም የዘለላቸው አሥራ አራት ለማድረግ እንደሆነ ከቁጥር 17 መረዳት ይቻላል። የዳዊት ስም በዕብራይስጥ ፊደላት ሲቈጠር አሥራ አራት ስለሚሆን፣ ብዙ ሊቃውንት ማቴዎስ በዚህ ኢየሱስ የዳዊት ልጅ ነው ማለቱ እንደሆነ ያምናሉ። ይህን እንደ ልደት መዝገብ ያነበበ ሰው ስሕተት ያገኝበታል፤ ማቴዎስ እንደጻፈው ያነበበ ግን ስብከት ያገኝበታል። ስለ ሰናፍጭ ቅንጣት ትንሽነት፣ ስለ ጥንቸል ማመስኳት፣ ስለ ፀሐይ መውጣትና መግባት የሚነሡትን ክርክሮች በዚሁ ማለፍ ይቻላል፤ ሰው እንደሚያየው ተናገረ እንጂ የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት አልሰጠም።

ስሕተት አልባነትን አጥብቀው የሚከላከሉ ምሁራንም ይህን ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 ከ200 የሚበልጡ የወንጌላውያን መሪዎችና ምሁራን በቺካጎ ተሰብስበው ባወጡት መግለጫ፣ አንቀጽ 10 የመንፈስ ምሪት በጥብቅ ሲነገር የመጀመሪያውን ጽሑፍ እንደሚመለከት ይገልጻል፤ አንቀጽ 13 ደግሞ ክብ ቁጥሮች፣ የሰዋስው ጉድለት፣ ነገሮችን በአርእስት ማደራጀት፣ ነፃ የሆነ አጠቃቀስና የዘመናዊ ትክክለኛነት አለመኖር እንደ ስሕተት እንደማይቈጠሩ ያስረዳል። ይህ ማስተዋል ያለበት አነጋገር ነው፤ በስሕተት አልባነት የሚያምኑትን ሁሉ እንደ ማያነቡ ሰዎች የሚስል ተቃዋሚም መግለጫውን አላነበበም።

ነገር ግን ለዚህም ወሰን አለው። ትርጓሜው ችግር በተነሣ ቁጥር እየሰፋ ከሄደ፣ በመጨረሻ ምን ቢገኝ ስሕተት እንደሚባል መናገር ያቅታል፤ ያን ጊዜ ስሕተት የለበትም የሚለው ቃል ስለ መጽሐፉ ምንም አይነግረንም። በክርክር መካከል ሁልጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ምን ቢገኝ ተሳስቷል ይሉ ነበር?» መልስ የሌለው ሰው የሚከላከለው መጽሐፉን ሳይሆን የራሱን አቋም ነው።

የግድ የማስታረቅ ልማድ ከሚያሳዝኑኝ ነገሮች አንዱ ነው። ጴጥሮስ ጌታን የካደበትን ታሪክ አራቱ ወንጌላት ሲተርኩ የጠየቁት ሰዎችና የጠየቁበት ቦታ ይለያያል። ልዩነቱን ለማስታረቅ ሲሉ አንዳንዶች ጴጥሮስ የካደው ስድስት ጊዜ ነው እስከ ማለት ደርሰዋል። አራቱም ወንጌላት ጌታ «ሦስት ጊዜ ትክደኛለህ» እንዳለው በአንድ ቃል ይናገራሉ። ወንጌላውያንን ከስሕተት ለማዳን ተብሎ አራቱም ያልጻፉት አምስተኛ ወንጌል ተጻፈ። የይሁዳ አሟሟትም እንዲሁ ነው። ማቴዎስ ታንቆ ሞተ፣ መሬቱንም ካህናት ገዙት ይላል፤ የሐዋርያት ሥራ ይሁዳ ራሱ መሬት ገዛ፣ በግምባሩም ተደፍቶ ተሰነጠቀ ይላል። ገመዱ ተበጥሶ ወደቀ ብሎ ሁለቱን ማጋጠም የማይቻል አይደለም፤ ይሁን እንጂ ገመዱን የበጠሰው አንባቢው እንጂ ከሁለቱ ጸሐፊዎች አንዱም አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደኝን ጉዳይም አልደብቅዎትም። ማቴዎስም ሉቃስም የጌታን ልደት በሄሮድስ ዘመን ያደርጉታል፤ ሄሮድስ የሞተው በ4 ዓመት ቅድመ ክርስቶስ ነው የሚለው በብዙዎች ዘንድ የተያዘ ነው። ሉቃስ 2፥2 ደግሞ ልደቱን ቄሬኔዎስ በሶርያ ገዥ በነበረ ጊዜ ከተደረገው የሕዝብ ጽሕፈት ጋር ያገናኘዋል፤ አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ ይህን ጽሕፈት የሚያስቀምጠው እ.ኤ.አ. በ6 ዓ.ም. ገደማ ነው። በመካከሉ አሥር ዓመት የሚያህል ክፍተት አለ። ቃሉን «ቄሬኔዎስ ገዥ ከመሆኑ በፊት» ብሎ ለመተርጐም የተደረጉ ሙከራዎች አሉ፤ የግሪኩን ሰዋስው ደጋግሜ አይቼ አላሳመነኝም። በእኔ ሚዛን ሉቃስ የሁለት ጊዜያትን ክስተት ማቀላቀሉ የበለጠ ይመስላል። ይህን ስጽፍ በሉቃስ ላይ ያለኝ አክብሮት አይቀንስም።

ለስሕተት አልባነት የሚቀርበው ብርቱ መከራከሪያ ይህ ነው፦ እግዚአብሔር አይዋሽም፤ መጻሕፍት የእግዚአብሔር ቃል ናቸው፤ ስለዚህ መጻሕፍት አይሳሳቱም። ጌታም በዮሐንስ 10፥35 መጽሐፉ ሊሻር አይቻልም ብሏል። ይህን መከራከሪያ የሚንቅ ሰው ክብደቱን አላስተዋለም። የሚያጠያይቀው መካከለኛው እርምጃ ነው። እግዚአብሔር በሰው አንደበት ሲናገር የሰውየውን የዕውቀትና የማስታወስ ወሰን ያነሣለታል ወይስ ከነወሰኑ ይጠቀምበታል? ይህን ከራሳችን ግምት ሳይሆን ከጽሑፉ መማር አለብን፤ ጳውሎስም በአንደኛ ቆሮንቶስ 1፥14–16 ያስተምረናል። ከቀርስጶስና ከጋይዮስ በቀር ከእናንተ ማንንም አላጠመቅሁም ብሎ ይጽፋል። ሁለት ቁጥር አለፍ ብሎ የእስጢፋኖስን ቤተ ሰዎችም እንዳጠመቀ ትዝ ይለውና ይጨምራል፤ ከዚያም ሌላ አጥምቆ እንደሆነ እንደማያውቅ ይናገራል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አልተሰረዘም። ሐዋርያው ሲያስታውስ፣ ሲያርምና አላውቅም ሲል እንሰማዋለን፤ ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ደብዳቤ እንዳለ ቅዱስ መጽሐፍ ብላ ተቀብላዋለች። ሉቃስም ወንጌሉን ሲጀምር ቃል በቃል ተነገረኝ አላለም፤ ሁሉን በጥንቃቄ ተከትዬ በተራ ጻፍሁ ነው ያለው። ሁለተኛ ጢሞቴዎስ 3፥16 የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት መጽሐፍ ለምን እንደሚጠቅም ሲዘረዝር፣ ለትምህርት፣ ለተግሣጽ፣ ልብን ለማቅናትና በጽድቅ ላለው ምክር ይላል።

የጥንት አባቶች እነዚህን ልዩነቶች ከእኛ ይልቅ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ መልሳቸው ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። አውግስጢኖስ ለሄሮኒሞስ በጻፈው ደብዳቤ፣ በመጻሕፍት ውስጥ ከእውነት ጋር የሚጣላ የሚመስል ነገር ሲያገኝ ወይ ቅጂው እንደተበላሸ፣ ወይ ተርጓሚው እንዳልገባው፣ ወይ እርሱ ራሱ እንዳልተረዳው እንደሚያስብ ይናገራል፤ የመሪዎ መልስ ከዚህ የወረደ ነው። ኦሪገን ግን የዮሐንስን ወንጌል ሲተረጉም፣ ወንጌላት በታሪክ ቅደም ተከተል የማይገጥሙባቸው ቦታዎች እንዳሉ ተቀብሎ፣ እውነታቸውን በመንፈሳዊው ፍቺ ፈልጎታል። ዮሐንስ አፈ ወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲሰብክ በጥቃቅኑ ነገር አለመስማማታቸውን እንደ ጥቅም ቈጠረው፤ በሁሉ ነገር ቃል በቃል ቢስማሙ ተማክረው ጻፉት ይባሉ ነበር ይላል። በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 የጸደቀው የካቶሊክ ሰነድ ደግሞ መጻሕፍት ያለ ስሕተት የሚያስተምሩትን ሲገልጽ፣ እግዚአብሔር ስለ መዳናችን በመጻሕፍት እንዲሰፍር የፈቀደውን እውነት ይላል። እኔ ራሴ «ስሕተት የሌለበት» ከሚለው ይልቅ «የማያሳስት» የሚለውን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው እያንዳንዱን ቁጥርና ስም በየብቻው ይመዝናል፤ ሁለተኛው የሚጠይቀው ይህ መጽሐፍ የሚታመንበትን ሰው ወዴት ያደርሰዋል የሚለውን ነው።

ወደ ባልደረባዎ አባባል ስንመለስ፣ አንዱ ከወደቀ ሁሉም ይወድቃል የሚለው በየትኛውም የታሪክ ምስክር ላይ አይሠራም። አንድ ምስክር ሰዓቱን ቢሳሳት ድርጊቱን አላየም አይባልም። ጳውሎስ በአንደኛ ቆሮንቶስ 15 ስለ ትንሣኤ የተቀበለውን ምስክርነት ሲያስተላልፍ፣ በስም ያወቃቸውን ሰዎች እየጠቀሰ ነው፤ ያ ምስክርነት በራሱ ማስረጃ ይመዘናል እንጂ በአካዝያስ ዕድሜ አይቆምም፤ አይወድቅምም። ይህ ማለት ግን ልዩነቶቹ ሁሉ ቀላል ናቸው ማለት አይደለም። ጌታ የተሰቀለው፣ ማርቆስ እንደሚያሳየው፣ የፋሲካው እራት ከተበላ በኋላ ነው ወይስ፣ ዮሐንስ 19፥14 እንደሚያሳየው፣ በፋሲካ ማዘጋጀት ቀን የሚለው ጥያቄ ሊቃውንትን እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ እያንዳንዱ ጉዳይ በየራሱ መመርመር አለበት።

ባልደረባዎን ሲያገኙ ሁለተኛ ዜና መዋዕል 21ና 22ን አብራችሁ አንብቡ፤ ሁለት ዓመት የሚበልጠውን ልጅ ራሳቸው ይቁጠሩት። ስሕተቱ እንዳለ ሳይደብቁ ይመኑላቸው፣ ከዚያም ምን ዓይነት ስሕተት እንደሆነ ይጠይቋቸው። የጥናት ቡድንዎን መሪ ደግሞ በአክብሮት ማቴዎስ 27፥9ን ያሳዩአቸው። እዚያ ላይ ስለ ሠላሳው ብር የተጠቀሰው ትንቢት በዋናው ከዘካርያስ 11 የተወሰደ ሲሆን ስሙ የተጠራው ግን ኤርምያስ ነው፤ ከጥቂቶች በቀር የግሪክ ቅጂዎች ሁሉ በዚህ ይስማማሉ፤ ስለዚህ ገልባጭ ላይ ማላከክ ያስቸግራል። ማቴዎስ የኤርምያስን የሸክላ ሠሪ ታሪክ ጨምሮ አስቦ ስሙን በታላቁ ነቢይ ጠርቶት ይሆናል፤ ይህ ካሉት መልሶች የተሻለው ይመስለኛል። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪ የነበረው ጆን ካልቪን ወደዚህ ጥቅስ ሲደርስ ግን ይህንም አልሞከረም። ኤርምያስ የሚለው ስም በስሕተት በዘካርያስ ቦታ መግባቱ ግልጽ እንደሆነ፣ እንዴት እንደገባም እንደማያውቅና ለማወቅም ብዙ እንደማይጨነቅ ጽፎ፣ የትንቢቱን ትርጉም ወደ ማብራራት አልፏል።